ተከትቦ ሳለ ለምን ኩፍኝ ያዘው?

  ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ ጥቂት ሒሳብ አለብን። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ደግሞ የልጃችሁን የክትባት ካርድ ከተቀመጠበት አውጡ። በመጨረሻው ላይ አብረን እናነበዋለን።

የዛሬውን ትምህርት በአንዲት እናት ጥያቄ እጀምራለሁ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ሰፈር ኩፍኝ ገባ። ከአንደኛ ክፍል ብዙ ልጆች ቀሩ። የቀሩትን ልጆች ለመጠየቅ ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የ3 ዓመት ልጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈዋል። የልጁ ዓይን ቀልቷል። ፊቱና ደረቱ በሽፍታ ተሞልቷል። እናቲቱ ካርዱን አውጥተው ሰጡኝ።

«መምህር፣ እስቲ ያንብቡልኝ። ይህ ልጅ በ9 ወሩ ተወግቷል አይደል? በጭቃ፣ በዝናብ አዝዬው ሄጄ አስወግቼዋለሁ። ታዲያ መርፌው ከንቱ ከሆነ ታናሽ እህቱን ለምን አንከራትታለሁ?» አሉኝ።

ካርዱን አነበብሁት። እውነት ነው፤ 9 ወር በሚለው ረድፍ ቀን ተጽፏል። 15 ወር በሚለው ረድፍ ግን ምንም የለም፤ ባዶ ነው።

እናቲቱ የጠየቁት ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። የብዙ እናትና አባት ጥያቄም ነው። ክትባት ልጅን ምን ያህል ይጠብቃል? ጥበቃውስ ስንት ዘመን ይቆያል? መልሱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ሰውነት ያስታውሳል

በሰውነታችን ውስጥ ጠባቂዎች አሉ። በዓይን አይታዩም። በደማችን ውስጥ ይዘዋወራሉ። አንድ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ጠባቂዎቹ አያውቁትም። እስኪያውቁት ድረስ በሽታው ይበረታል፤ ሰውየውን ይጥለዋል፤ አንዳንዴም ይገድለዋል። ካወቁት በኋላ ግን መልኩን ይይዛሉ። ተመልሶ ቢመጣ ደጃፍ ላይ ይቀበሉታል።

ይህን ማስታወስ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የፋሮ ደሴቶች የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1781 ኩፍኝ ወደዚያ ገባ። ከዚያ በኋላ ለ65 ዓመት ኩፍኝ የሚባል ነገር በደሴቶቹ አልታየም። በ1846 ተመልሶ መጣ። በዚያን ጊዜ የሕዝቡ ቁጥር 7,800 ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 6,000 ያህሉ ታመመ። ፓኑም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ደሴቶቹን እየዞረ ሕመምተኞቹን መረመረ። አንድ ነገር አስገረመው። በ1781 በልጅነታቸው ኩፍኝ የያዛቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንድም ሰው ዳግመኛ አልታመመም። ሰውነታቸው የኩፍኝን መልክ 65 ዓመት ሙሉ አልረሳም።

ክትባትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የተዳከመ ወይም የሞተ የበሽታ ዘር ለጠባቂዎቹ ይታያቸዋል። ልጁ ሳይሠቃይ ጠባቂዎቹ ትምህርቱን ይማራሉ። የኩፍኝ ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ የኩፍኝ ዘር ነው። በልጁ ሰውነት ውስጥ በደንብ ከያዘ፣ ጥበቃው ለአብዛኞቹ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ይቆያል።

«በደንብ ከያዘ» ያልሁትን ልብ በሉ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መርፌ ለምን ያመልጣል?

ሕፃን ሲወለድ ባዶ እጁን አይመጣም። እናቱ ኩፍኝ ይዟት ከነበረ ወይም ተከትባ ከሆነ፣ ከእርሷ ደም የመከላከያ ኃይል ይወርሳል። ይህ ስጦታ ሕፃኑን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል። ነገር ግን እንደ ስንቅ ነው፤ ቀስ በቀስ ያልቃል። ከአንዱ ልጅ ቶሎ ያልቃል፤ ከሌላው ይዘገያል።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። የእናቱ ስጦታ ገና ካላለቀ፣ መርፌው ሲሰጥ ያ የእናት ኃይል የተዳከመውን የኩፍኝ ዘር ያጠፋዋል። ስለዚህ የልጁ የራሱ ጠባቂዎች ትምህርቱን ሳያዩት ያልፋል። ልጁ ተወግቷል፤ ግን አልተማረም። ከዚህም ሌላ የሕፃኑ ሰውነት ገና ለጋ ነው፤ እንደ ትልቅ ልጅ በደንብ አይማርም።

በዚህ ምክንያት በ9 ወራቸው ከሚከተቡ 100 ሕፃናት የሚጠበቁት 85 ያህሉ ናቸው። 15 ያህሉ ሳይጠበቁ ይቀራሉ። እነዚህ 15ቱ እነማን እንደሆኑ ግን ማንም በዓይኑ አይቶ አይለይም። እናትም አታውቅም፤ ሐኪምም አያውቅም።

«እንግዲያው ለምን እስከ 15 ወር አንቆይም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውነቱ ከጠና በኋላ የተከተበ ልጅ በእርግጥ በይበልጥ ይጠበቃል። ነገር ግን ኩፍኝ አይጠብቅም። የእናቱ ስንቅ ባለቀና ክትባቱ ባልተሰጠ መካከል ያሉት ወራት ለሕፃኑ ባዶ ሜዳ ናቸው። ኩፍኝ በሚዘዋወርበት አገር በእነዚህ ወራት ብዙ ሕፃን ይሞታል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይከተባል። በ9 ወር ቶሎ ለመድረስ፤ በ15 ወር ደግሞ ያመለጡትን ለመሰብሰብ።

እኔ በክፍሌ ስም የምጠራው ሁለት ጊዜ ነው። ጧት እጠራለሁ፤ ከእረፍት መልስም እጠራለሁ። ጧት የቀረ ልጅ ከእረፍት መልስ ይገኛል። ሁለተኛው የኩፍኝ መርፌም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ያልተገኘው ልጅ በሁለተኛው ይገኛል። ሁለቱንም ከወሰዱ 100 ልጆች 97 ያህሉ ይጠበቃሉ።

በሀገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመታት በመደበኛው ፕሮግራም የኩፍኝ መርፌ በ9 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለተኛው፣ ማለትም የ15 ወሩ፣ የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ትልልቆቹን ልጆቻችሁን አንድ ጊዜ ያስከተባችሁ እናቶች፣ ለትንሹም አንድ ጊዜ ይበቃዋል ብላችሁ አታስቡ።

አሁን ወደ ሒሳባችን

በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በአንድ ቀበሌ በየዓመቱ 100 ሕፃናት ይወለዳሉ እንበል።

ሁሉም በ9 ወር ተከተቡ። 85 ተጠበቁ፤ 15 ቀሩ።
በሁለተኛው ዓመት ሌላ 100 ተወለዱ። እንደገና 15 ቀሩ። ድምር 30።
በሦስተኛው ዓመት ሌላ 15 ቀሩ። ድምር 45።

ልብ በሉ። አንድ እናት እንኳ ሳትቀር ሁሉም አስከትበው ነው እንዲህ የሆነው። እስቲ ደግሞ ከ100 ሕፃናት 80ዎቹ ብቻ ቢከተቡስ? ከ80 ሕፃናት የሚጠበቁት 68 ናቸው። የማይጠበቁት 32 ይሆናሉ። በ3 ዓመት ውስጥ 32 ሲደመር 32 ሲደመር 32፤ 96 ይሆናል። ይህ እንግዲህ የአንድ ዓመት ልጆች በሙሉ ሳይከተቡ እንደቀሩ ያህል ነው።

ኩፍኝ በየጥቂት ዓመቱ ድንገት የሚነሣው ለዚህ ነው። ያልተጠበቁ ልጆች እንደ ደረቅ ጭድ ይከማቻሉ። አንድ ክብሪት ይበቃቸዋል። ኩፍኝ ደግሞ ተራ ክብሪት አይደለም። የታመመ ሰው ያስነጠሰው ወይም የሳለው አየር ውስጥ፣ ሰውየው ከቤት ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ያልተጠበቁ 10 ሰዎች ከሕመምተኛው ጋር በአንድ ቤት ቢገኙ 9ኙን ሊይዝ ይችላል። በዘመቻ «ሕፃናትን ሁሉ አምጡ፤ ካርድ ያላቸውንም የሌላቸውንም» የሚባለው ይህን ጭድ ለማንሣት ነው። ቀበሌው እንዳይቀጣጠል ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መርፌ መውሰድ አለባቸው።

በዚህ ላይ ኩፍኝ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የጠባቂዎቹን ማስታወሻ ያጠፋል። በሆላንድ ሀገር ያልተከተቡ ልጆች ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና ከዳኑ በኋላ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። ውጤቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ታተመ። ልጆቹ ለሌሎች በሽታዎች ከነበራቸው የመከላከያ ኃይል ከ100 እጅ ከ11 እስከ 73 እጅ የሚሆነውን አጥተዋል። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ከወራት በኋላ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሲወድቅ የምናየው በከንቱ አይደለም። የተማረውን ረስቶ ነው።

የሚረሳ ትምህርት

የኩፍኝ ትምህርት ከተያዘ አይረሳም ብለናል። ሁሉም ክትባት ግን እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ይረሳል። እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ ታውቁታላችሁ። ሳይከለስ የቆየ ፊደል ይደበዝዛል።

መንጋጋ ቆልፍን እንውሰድ። ዘሩ በአፈርና በፍግ ውስጥ ይኖራል። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ ሕፃን ይያዛል። ሕፃኑን ከዚህ የሚጠብቀው ከመወለዱ በፊት እናቱ የወሰደችው መርፌ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ለእናት የሚሰጠው ጥበቃ በቁጥር ይህን ይመስላል፤

1 ጊዜ ብቻ ብትወስድ፣ በቂ ጥበቃ የለም።
2 ጊዜ ብትወስድ፣ እስከ 3 ዓመት።
3 ጊዜ ብትወስድ፣ 5 ዓመት።
4 ጊዜ ብትወስድ፣ 10 ዓመት።
5 ጊዜ ብትወስድ፣ በምትወልድበት ዘመን ሁሉ።

አያችሁ? እያንዳንዱ መርፌ ክለሳ ነው። ክለሳው በበዛ ቁጥር ማስታወሱ ይረዝማል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሕፃናት የሚወጉት መርፌም እንዲሁ ነው። በውስጡ የትክትክ፣ የዘጊ አናዳና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አለ። በ6 ሳምንት አስወግቶ የ10ሩንና የ14ቱን መተው፣ ሀ ሁን ቆጥሮ ለ ሉ ላይ ደብተር እንደመዝጋት ነው።

ልብሱን የሚለውጥ ሌባ

በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ አንድ ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። «የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ነው። ብርድ ሊገባ ሲል በየዓመቱ ይወጋል። እንግዲያው የእነርሱ መርፌ አይቆይም ማለት ነው?» ትላላችሁ። ያ ልጅ የሚወጋው የኢንፍሉዌንዛ መርፌ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ተራ ጉንፋን አይደለም። ከባድ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ያመጣል። ትንንሽ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ለሳንባ ምች ይዳርጋል።

የኢንፍሉዌንዛ መርፌ በየዓመቱ የሚደገመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ጥበቃ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በሽታው ራሱ መልኩን ይለውጣል። ዘንድሮ በአንድ ልብስ መጥቶ የነበረ ሌባ ለከርሞ ሌላ ለብሶ ይመጣል። ጠባቂዎቹ የሚያውቁት የአምናውን ልብስ ነው። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያዎችን ይሰበስባል። በዚያን ወቅት የሚዘዋወረው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ተመርምሮ የሚመጣው መርፌ ምን እንዲይዝ ይመከራል።

መርፌው ከበሽታው መልክ ጋር በደንብ በገጠመበት ዓመት፣ ለሐኪም የሚያደርሰውን ሕመም ከ100 እጅ ከ40 እስከ 60 እጅ ይቀንሳል። ከኩፍኙ ጋር አስተያዩት። ያነሰ ነው። ቢሆንም የተከተበ ልጅ ቢታመም እንኳ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይቀልለታል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ይህን መርፌ አይወስድም። እርሱን የምትጠብቀው በእርግዝናዋ የተከተበች እናቱ ናት። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት። ለምን? ለጋ ሰውነት በአንድ ጊዜ አይማርምና ነው። ይህንስ ከኩፍኙ ተምረነዋል።

የኢንፍሉዌንዛ መርፌ በሀገራችን ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም። ስለዚህ በጤና ኬላችሁ ስለ ሕፃናችሁ የሚነገራችሁ ሌላ ነው። ያነሣሁት እንድታስተያዩት ነው። የኢንፍሉዌንዛ መርፌ በየዓመቱ ስለሚደገም የኩፍኙም በየዓመቱ መሆን አለበት ማለት አይደለም። የኩፍኙ ዕድሜ ልክ ስለሚጠብቅም አንዱ ይበቃል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ቀጠሮውን አክብሩ። የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ሆኖ፣ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ይመጣል። በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ይደፋል። ሙቀት ካገኘውም ኃይሉን ያጣል። ጤና ባለሙያዋ በቀጠሮ ቀን ብዙ ሕፃናትን አንድ ላይ የምትሰበስበው ስለዚህ ነው። «ዛሬ አይሰጥም» ብትባሉ አትቀየሙ። የሚሰጥበትን ቀን ጠይቃችሁ ካርዱ ላይ አስጽፉ።

ሁለተኛ፤ ቀን ካለፋችሁ አትቅሩ። «ጊዜው አልፏል፤ ይቆጡኛል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ያለፈው እንደገና ከመጀመሪያ አይጀመርም። ከቆመበት ይቀጥላል።

ሦስተኛ፤ ቀላል ጉንፋን ወይም ትንሽ ተቅማጥ ከክትባት አያስቀርም። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያዋ አይታ ትወስን።

አራተኛ፤ ከመርፌው በኋላ ልጁ ሊያተኩሰው ይችላል። አንዳንድ ልጅ ላይ ቀላል ሽፍታም ይታያል። ይህ ጠባቂዎቹ እየተማሩ መሆናቸውን ያሳያል። በጥቂት ቀን ይጠፋል።

አምስተኛ፤ ልጅ ኩፍኝ ከያዘው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በዚያ ቪታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀን ይሰጠዋል። ይህ ዓይኑንና ነፍሱን ያድናል። ጡት አትከልክሉት። ምግብና የሚጠጣ ነገር ቶሎ ቶሎ ስጡት። ሽፍታው ከወጣ በኋላ ለ4 ቀን ከሌሎች ልጆች ለዩት። በጨለማ ቤት ዘግቶ ማስራብ ግን ልጁን ይጎዳዋል እንጂ አያድነውም።

ካርዱን እናንብብ

አሁን ካርዳችሁን ያዙ። ጣታችሁን በረድፉ ላይ አድርጉ። እንደ ተወለደ። 6 ሳምንት። 10 ሳምንት። 14 ሳምንት። 9 ወር። 15 ወር። ቀን የተጻፈበትን እለፉት። ባዶ የሆነውን ረድፍ ስታገኙ ጣታችሁን እዚያ ላይ አቁሙ። ልጃችሁ ያን ዕድሜ አልፎ ከሆነ፣ ነገ የምትሄዱበት ጉዳይ ያ ነው።

ወደዚያች እናት ልመለስ። «መርፌው ከንቱ ነው ወይ?» ላሉኝ፣ «ከንቱስ አይደለም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቀረው» አልኋቸው። ፈንጣጣን አስታወስኋቸው። የሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ወጣት የለም። ያጠፋው ክትባት ነው። ከዚያም ባዶውን ረድፍ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ይህ ባዶ መሆኑን ማን ነገረኝ? እኔ ምኑን አውቄው!» አሉ።

ልጁ ዳነ። ከስቶና ገርጥቶ ነበር፤ እስኪያገግም ሰነበተ። የ11 ወር እህቱን እናቲቱ በዚያው ሳምንት ወስደው አስከተቧት። በመስከረም የማታ ትምህርት ሲከፈት ከፊት ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጀመሪያ መጻፍ የፈለጉት ስማቸውን አልነበረም። «15ን እንዴት ነው የሚጽፉት?» ብለው ጠየቁኝ።

እናንተም ጻፉት። ደህና ሰንብቱ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በ9 ወራቸው ከተከተቡ 100 ሕፃናት ስንቱ ያህል ይጠበቃሉ?
2. እናት ለሕፃኗ የምታወርሰው የመከላከያ ኃይል የመጀመሪያውን የኩፍኝ መርፌ እንዴት ያሰናክለዋል?
3. በአንድ ቀበሌ በየዓመቱ 15 ልጆች ሳይጠበቁ ቢቀሩ በ4 ዓመት ስንት ይሆናሉ?
4. የኢንፍሉዌንዛ መርፌ በየዓመቱ የሚደገምባቸውን ሁለት ምክንያቶች ጻፉ።
5. በልጃችሁ ካርድ ላይ ባዶ ረድፍ አለ? የስንት ወር ወይም የስንት ሳምንት ነው?

አዳዲስ ቃላት

ክትባት፤ በሽታን አስቀድሞ ለመከላከል የሚሰጥ መድኃኒት።
ጥበቃ፤ ሰውነት በበሽታ እንዳይጠቃ የሚያደርገው ኃይል።
ክለሳ፤ የተማሩትን እንደገና ማየት።
ረድፍ፤ በካርድ ወይም በወረቀት ላይ ጎን ለጎን የተጻፈበት መስመር።
ኢንፍሉዌንዛ፤ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ ከተራ ጉንፋን የሚከብድ በሽታ።